ሄልሜቴ የዕድራችንም ጉዳይ ነው

ባለፈው ጥቅምት እናቴ ቤት አንድ ደብዳቤ ደረሰ። የመጣው ከጤና ኢንሹራንስ ነው። ገና 26 ዓመት ስላልሞላኝ የምታከመው በእናትና አባቴ ኢንሹራንስ ነው፤ ስለዚህ የሕክምናዬ ዝርዝር የሚላከው እኔ ወደምኖርበት የተማሪ አፓርታማ ሳይሆን አውሮራ ወዳለው ቤታቸው ነው። ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ወረቀቱ ላይ ስሜ፣ ቀኑና «የድንገተኛ ክፍል» የሚል ቃል ሰፍሯል። እናቴ ሁለት ቀን ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን ደውላ «ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው የደበቅሽኝ? ከባድ በሽታ ነው?» አለችኝ።

በሽታ አልነበረም። ሞተር ሳይክል ነበር።

ይህን የምጽፈው ለመናዘዝ ብቻ አይደለም። በማኅበራችን ውስጥ ሞተር የሚነዱ ወይም ሊገዙ የሚያስቡ ሰባት ልጆች አውቃለሁ። ከሰባቱ የአምስቱ ቤተሰቦች አያውቁም። አንዱ ሄልሜቱን ጓደኛው ቤት ነው የሚያስቀምጠው። አንዷ ሞተሯን የምታቆመው ከቤቷ ሦስት መንገድ ርቃ ነው። እኔም እንደነሱ ነበርኩ። አሁን ግን አቋሜን ልናገር፦ ሞተር መንዳት የምንፈልግ እንንዳ፤ ነገር ግን ተደብቀን አንንዳ። ወላጆችም አትንዱ ብለው በሩን ሲዘጉ፣ እኛ ከመንዳት ሳይሆን ከመናገር ነው የምንቆመው። ለዚህ ያበቃኝን ልንገራችሁ።

አሥር ሆነን በወር 300 ዶላር የምንጥለው የተማሪዎች እቁብ አለን። ባለፈው መጋቢት ዕጣው ለእኔ ወጣ። ለእናቴ «ለሰመር ትምህርት እከፍልበታለሁ» አልኳት። በገንዘቡ ያገለገለች ሆንዳ ሬብል 300 ገዛሁ። ለምን ሬብል? ቁመቴ አጭር ነው፤ የሬብል መቀመጫ ከመሬት 69 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ሁለቱም እግሮቼ ሙሉ በሙሉ መሬት ይረግጣሉ። ሞተሯ 286 ሲሲ ነው። ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው።

ከመግዛቴ በፊት አንድ ነገር በትክክል አድርጌያለሁ፤ ኮርስ ወስጃለሁ። ሁለት ቀን የሚፈጅ የጀማሪዎች ሥልጠና ነው። ትንንሽ ሞተሮችን የሚሰጡት እነሱ ናቸው፤ ሥልጠናው የሚካሄደው በባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ ነው። አስተማሪያችን ጸጉሯ የሸበተ፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት ነበረች። የመጀመሪያውን ሰዓት ሞተሩን ሳናስነሳ በእግራችን እየገፋን አሳለፍን። ከዚያ ሞተሩ ተነሣና ነዳጅ ሳንሰጥ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለን እየለቀቅን ሁለት ሜትር ሄዶ መቆም። እንደገና ሁለት ሜትር። ለአንድ ሰዓት ያህል ያደረግነው ይህንኑ ነው።

ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ፍሬቻ፣ ስፔኪዮ፣ ካንዴላ። እነዚህን ቃላት ልጅ ሆኜ ከአባቴ ስሰማ ንጹሕ አማርኛ ይመስሉኝ ነበር። የጣሊያን ጋራዦች ትተውልን የሄዱት ቃላት መሆናቸውን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አስተማሪዋ በእንግሊዝኛ ስታስረዳ እኔ በውስጤ በአባቴ ቃላት እተረጉም ነበር። ፍሪሲዮን በግራ እጅ። ማርሽ በግራ እግር፤ አንደኛ ወደ ታች፣ ሌሎቹ ወደ ላይ፣ ፎሌ በአንደኛና በሁለተኛ መካከል። የፊት ፍሬን በቀኝ እጅ፣ የኋላው በቀኝ እግር። አራቱም እጅና እግር የየራሳቸው ሥራ አላቸው፤ መኪና የሚነዳ ሰው መጀመሪያ ግራ የሚገባው ለዚህ ነው።

በሁለተኛው ቀን የተማርኩት ደግሞ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሞተር ፍጥነት ሲይዝ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የቀኙን እጀታ ወደ ፊት ትገፋለህ። ወደ ፊት ስትገፋው ሞተሩ ወደ ቀኝ ያጋድላል፤ አጋድሎም ይታጠፋል። ብስክሌት የነዳን ሁላችንም ሳናውቀው የምናደርገው ነገር ነው። ነገር ግን አንድ ነገር በድንገት ፊት ለፊት ሲመጣ ያላወቅኸውን ነገር አታደርገውም፤ ትደነግጣለህ እንጂ። ለዚህ ነው በቃል ተነግሮህ፣ በአካልህም ደጋግመህ መለማመድ ያለብህ።

ሥልጠናውን አልፌ በመንጃ ፈቃዴ ላይ የሞተር ሳይክል ፈቃድ አስጨመርኩ። ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ አለፉ። ደስታውን መካድ አልፈልግም። ወደ ጎልደን የሚወስደውን መንገድ ይዤ ሉክአውት ማውንቴን የመጀመሪያ ጊዜ ስወጣ፣ የጥዱ ሽታ በሄልሜቱ ቀዳዳ ሲገባ፣ ከዚህ አገር ጋር የታረቅሁ መሰለኝ። በሥራና በትምህርት መካከል የምንሯሯጥ ልጆች የራሳችን የምንለው ሰዓት የለንም። ይህ የኔ ሰዓት ነበር። እናም ሰዓቱን ላለማጣት ዋሸሁ።

አደጋው የደረሰው መስከረም ላይ ነው። ከትምህርት ስመለስ፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ፣ መብራቱ ለእኔ አረንጓዴ ነበር። ከፊት ለፊቴ የመጣ መኪና ወደ ግራው ታጥፎ መንገዴን ዘጋው። አሽከርካሪው ከወረደ በኋላ «አላየሁሽም» አለኝ፤ አምነዋለሁ። ግን የወደቅሁት በእሱ ጥፋት ብቻ አይደለም። ለማቆም በቂ ቦታ ነበረኝ። ቀኝ እግሬ የኋላውን ፍሬን በሙሉ ኃይል ረገጠ፤ ቀኝ እጄ ግን የፊቱን በደንብ አልጨበጠም። የኋላ ጎማው ተቆልፎ ተንሸራተተና በግራ ጎኔ ወደቅሁ። የግራ እጄ አንጓ ተሰነጠቀ። የጃኬቱ ክርን ተቀዶ ነበር፤ ክርኔ ግን አልተላጠም። ሄልሜቱ አገጩ ላይ የጣት ርዝመት ያህል ተፍቋል። የተፋቀው ሄልሜቱ ባይሆን ኖሮ የኔ አገጭ ነበር።

ለምን የፊቱን ፍሬን አልያዝኩም? በኮርሱ ላይ ከሁሉ በላይ የተነገረን፣ ሞተር ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ አብዛኛው የማቆም ኃይል ያለው በፊቱ ፍሬን ላይ መሆኑ ነው። አውቀዋለሁ፤ ፈተናውንም አልፌዋለሁ። ነገር ግን በዚያች ሰከንድ የሰማሁት የአስተማሪዋን ድምፅ አልነበረም። የአባቴን ድምፅ ነበር።

አባቴ ጎጃም ውስጥ የግብርና ባለሙያ ሳለ ከቀበሌ ቀበሌ የሚዞረው በመሥሪያ ቤቱ ያማሃ ነበር። መንዳት ያስተማረው የሥራ ባልደረባው ሲሆን፣ ትምህርቱም በአንድ ከሰዓት በኋላ በሜዳ ላይ አለቀ። በሳምንቱ ጠጠር መንገድ ላይ የፊቱን ፍሬን ይዞ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ታሪኩን በተረከ ቁጥር የሚዘጋው «የፊት ፍሬን ሰው ይጥላል» ብሎ ነው። ለጠጠር መንገድ ምክሩ እውነትነት አለው። ለኮሎራዶ አስፋልት ግን ስሕተት ነው። እኔ ደግሞ ከሁለት ቀን ኮርስ ይልቅ ሃያ ዓመት የሰማሁት ታሪክ በልጦብኝ ተገኘ። ልምምዱን ስላልቀጠልኩበት፣ ዕውቀቱ ከጭንቅላቴ ወደ እጄ አልወረደም ነበር።

በኋላ ሳነብ ይህ የኔ ብቻ ታሪክ እንዳልሆነ አየሁ። እ.ኤ.አ. በ1981 በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሃሪ ኸርት የመራው ጥናት በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 ገደማ የሞተር አደጋዎችን በቦታው ተገኝቶ መርምሮ ነበር። ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር በተደረጉ ግጭቶች ሁለት ሦስተኛ በሚሆኑት ውስጥ የሞተረኛውን ቅድሚያ የነሣው የሌላው መኪና አሽከርካሪ ነው። ሞተረኞቹ ደግሞ የኋላውን ፍሬን ከልክ በላይ እየረገጡ የፊቱን በቂ አይዙም ነበር። አደጋ ከደረሰባቸው 92 በመቶው መንዳት የተማሩት በራሳቸው ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ ነው። ጥናቱ አሮጌ ነው፤ የወደቅሁበትን ቦታ ግን እንደ ፎቶግራፍ አድርጎ አሳየኝ።

አሁን ወደ እናቴ ልመለስ። እጄ በጄሶ ታስሮ ሳለ «ፈተና አለብኝ» እያልኩ ስድስት ሳምንት ቤት አልሄድኩም። ለመስቀል እንኳ አልሄድኩም። ደብዳቤው የደረሰው በዚህ መሐል ነው። እውነቱን ስነግራት የጠበቅሁት «ለዚህ ነው አሜሪካ ያመጣንሽ?» የሚለውን ነበር። አላለችም። እናቴ የምትሠራው በአንድ የማገገሚያ ማዕከል ነው፤ ከሞተር የወደቁ ወጣቶችን አጥባለች፣ አገላብጣለች፣ አብልታለች። ያለችኝ ይህን ነው፦ «ፖሊስ በሬን ቢያንኳኳ ምን ልለው ነበር? የኔ ልጅ ሞተር አትነዳም፣ ተሳስተሃል ብዬ ልመልሰው ነበር?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

አባቴ ደግሞ ከሐምሌ ጀምሮ ያውቅ ኖሯል። ቤት ሄጄ ሳለ ቀኝ ባቴ ላይ ያለውን የቃጠሎ ምልክት አይቶት ነበር። «ማርሚታ ነው፤ እኔም አለኝ» አለና የሱሪውን እግር ሰብሰብ አድርጎ አሳየን። እናቴ በዚያ ምሽት በሁለታችንም ላይ እኩል ተቆጣች፤ ልክ ነበረች። አባቴ አውቆ ዝም ማለቱ እኔን የጠበቀኝ መስሎት ነበር። በሐምሌ ቢያናግረኝ ኖሮ ግን ስለ ፊት ፍሬን እንከራከር ነበር። ምናልባትም መስከረም ላይ እጄ ሥራውን ይሠራ ነበር።

«ሕይወቴ የራሴ ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ሕጉም ከነሱ ጋር ነው፤ ኮሎራዶ 18 ዓመት የሞላውን ሰው ሄልሜት እንዲያደርግ አያስገድድም። እኔ ግን ይህን ክርክር በእኛ ሕይወት ውስጥ ላየው አልቻልኩም። ከመካከላችን አንድ ወጣት ሲሞት ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። በዚያው ምሽት ስልካችን ላይ ፎቶና የገንዘብ ማሰባሰቢያ ይመጣል። እናቶች ተራ ገብተው ለቀናት ያበስላሉ። የዕድሩ ዳኛ አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ ወይም እዚሁ ለመቅበር ወረቀት ይዞ ሲዞር ይከርማል። በሰዓት ተከፋይ የሆኑ ሰዎች ከሥራ ይቀራሉ። የምንኖረው እንዲህ ተሳስረን ነው፤ በዚህም እንኮራለን። ታዲያ ስንቀበል የጋራ፣ ስንነዳ የግል የሚባል ነገር አይገባኝም። ሄልሜቴ የራሴ ጭንቅላት ላይ ቢሆንም የዕድራችንም ጉዳይ ነው።

አደጋውን ማሳነስም አልፈልግም። የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 በዚህ አገር 6,218 ሞተረኞች ሞተዋል። በተጓዙት ርቀት ሲሰላ ሞተረኛ በአደጋ የመሞት ዕድሉ ከመኪና ተሳፋሪ 22 ጊዜ ገደማ ይበልጣል። ይኸው መሥሪያ ቤት ሄልሜት የሞተረኛን ሞት የመከላከል አቅሙን 37 በመቶ ብሎ ይገምታል። ብዙ ነው፤ ግን መቶ በመቶ አይደለም። እነዚህን ቁጥሮች አንብቦ «እኔ ይቅርብኝ» የሚል ሰው ፈሪ አይደለም። ከሰባቱ አንዱ ይህን ስነግረው ሐሳቡን ትቷል፤ ደስ ብሎኛል።

ታዲያ ወላጆች ለምን አይከለክሉም? ክልከላ ምን እንደሚያመጣ ከአገር ቤትም አይተናል። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2019 ከተወሰኑት በቀር ሞተር ሳይክሎች በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ ከልክላ ነበር፤ የተሰጠው ምክንያት ሞተሮች ለዝርፊያ መዋላቸው ነው። ዛሬ ግን ዕቃ የሚያደርሱ ሞተረኞች በከተማዋ ይታያሉ። ፍላጎቱ አልጠፋም፤ ያስፈለገው መመዝገብና ሥርዓት ነው። ቤትም እንዲሁ ነው። ሥራ ያለው፣ እቁብ የሚጥል የ22 ዓመት ልጅ ሞተር ከመግዛት የሚያግደው የለም። እናቱ የምትወስነው መንዳቱን ሳይሆን ማወቋን ነው። የምታውቅ እናት «ኮርስ ወስደሃል? ጃኬትህ የታለ? በማታ ለምን?» ትላለች። የማታውቅ እናት ደብዳቤ ነው የሚደርሳት።

እዚህ ላይ ስለ ቀጣዩ ሞተር ልናገር፤ ምክንያቱም በበረዶው ወራት ሞተሯ ጋራዥ ውስጥ ባትሪዋ ተነቅሎ ስትቀመጥ ሥራዬ ማለም ነው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ነገ የአናቶሚ ፈተና እያለብኝ፣ የማየው ያማሃ ቴኔሬ 700ን ነው። 689 ሲሲ፣ ሁለት ሲሊንደር፣ ከ70 በላይ የፈረስ ጉልበት፣ ለአስፋልትም ለጠጠርም የተሠራ። ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ሞተር ሁሉ ከጉልበቱ ጥቂት ያጣል። «ስለዚህ ትልቅ ያስፈልገኛል» እያልኩ ራሴን አሳምኛለሁ። አዲስ አበባማ ከዴንቨርም ትበልጣለች! እንዲያውም ሕልሙ እዚያ ነው የሚያልቀው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ እየተጠማዘዝኩ ስወርድ፣ ድልድዩን ስሻገር፣ ወደ ደጀን ስወጣ፣ ከዚያም አባቴ በያማሃ ይዞርባቸው የነበሩትን ቀበሌዎች ሳይ።

ችግሩ የቴኔሬ መቀመጫ 87 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። ሱቅ ሄጄ ወጥቼበታለሁ። የአንድ እግሬ አውራ ጣት ብቻ ነው መሬት የነካው። ሁለት መቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ሞተር በአውራ ጣት ይዤ ስቆም ሻጩ በትሕትና ከጎኔ ቆመ፤ ሊይዘኝ እንደተዘጋጀ ገባኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሕልሙ ሳስብ አንድ ነገር ታየኝ። ቀጣዩን ሞተር የማልመው ብዙ ጊዜ የአሁኑን በደንብ ስላልተማርኩ ነው። ትልቅ ሞተር ስገዛ እጄም አብሮ የሚሻሻል ይመስለኛል። የወደቅሁት ግን ጉልበት አንሶኝ አልነበረም፤ በ286 ሲሲ ላይ ማቆም ስላልቻልኩ ነው። በ689 ላይ ብሆን ኖሮ ደግሞ ወደዚያ መስቀለኛ መንገድ የምደርሰው በበለጠ ፍጥነት ነበር። ስለዚህ ከቀጣዩ ሞተር የምፈልገው ነገር ዝርዝር ተቀይሯል። ከላይ የተጻፈው አሁን ኤቢኤስ ነው፤ ፍሬን በድንጋጤ ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት። የእኔዋ የላትም። በአውሮፓ ኅብረት ከ2017 ጀምሮ ከ125 ሲሲ በላይ የሆነ አዲስ ሞተር ያለ ኤቢኤስ አይሸጥም፤ እዚህ አሜሪካ ግን ግዴታ ስላልሆነ የሚገዛው ሰው መጠየቅ አለበት። እኔ ስገዛ የጠየቅሁት ስለ ቀለሙ ነበር።

የሚቀጥለው የእቁብ ዕጣዬ ሲወጣ ቴኔሬ አልገዛም። ከእናቴና ከአባቴ ጋር ተቀምጠን ተነጋግረናል። መጀመሪያ አዲስ ሄልሜት፤ አንዴ የተመታ ሄልሜት ምንም ባይመስልም ውስጡ ሥራውን ጨርሷልና። ከዚያ ጉልበትና ወገብ የሚከላከል ሱሪ፣ ከዚያ ሁለተኛ ደረጃ ኮርስ። የተረፈው ይቀመጣል። እናቴ አልተስማማችም፤ ታግሣለች ማለት ይሻላል። ስነሳና ስደርስ መልእክት እልክላታለሁ። ባልላክሁባት ቀን ትደውላለች፤ አነሳለሁ።

ለምትነዱ ሁሉ የምጠይቀው ይህን ነው። ኮርስ ሳትወስዱ አትንዱ፤ የወሰዳችሁም ዓመት ሳይሞላ ፍሬን መያዝ ዳግም ተለማመዱ። ከሞተሩ በፊት ለሄልሜት፣ ለጓንትና ለጃኬት ገንዘብ መድቡ፤ ለዚያ ካልተረፈ ለሞተሩም አልደረሰም ማለት ነው። ያለ ጤና ኢንሹራንስ አትንዱ። ለቤተሰባችሁ ደግሞ ከደብዳቤው በፊት እናንተ ንገሩ። ከባዱ ይኸኛው መሆኑን አውቃለሁ። ስድስት ሳምንት ከመደበቅ ግን የአንድ ምሽት ቁጣ ይቀላል፤ ሁለቱንም ቀምሻቸዋለሁ።

ለማኅበራችን አመራርም አንድ ሐሳብ አለኝ። በረዶው ሲያልፍ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የኮሌጁን የመኪና ማቆሚያ አስፈቅደን እንሰብሰብ። አሠልጣኝ ለመጋበዝ እኔ ኃላፊነት እወስዳለሁ። ወላጆችም ይምጡ። አባቴ ጠመኔ ይዞ እየመጣ የት ላይ ፍሬን እንደያዝኩና የት ላይ እንደቆምኩ መሬቱ ላይ ማስመር ጀምሯል። ባለፈው ሳምንት ፀሐይ በወጣባት ቀን ሞክረን ነበር፤ ከመጀመሪያው ሙከራ እስከ አሥረኛው መስመሩ ሦስት እርምጃ አጥሯል። በመጨረሻ አባቴ ራሱ ጠየቀና ሞከረ። የፊቱን ፍሬን ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን ያዘው፤ አልወደቀም።

እናቴ መኪናው ውስጥ መስኮቱን ዘግታ ተቀምጣ ነበር። ስንጨርስ ወጥታ መስመሮቹን በእግሯ ለካች። ሄልሜት ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። የሌላችሁም ኑ፤ እናቶቻችሁንም ይዛችሁ ኑ።